ቁጥሩ ሲቀንስ ለማን ነው የቀነሰው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣውን የመንገድ ደህንነት ሪፖርት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከፊት የተቀመጠው ዜና ደስ ይላል። በ2010 በዓመት 1.25 ሚሊዮን ሰው መንገድ ላይ ይሞት ነበር። በ2021 ወደ 1.19 ሚሊዮን ወረደ። 5 በመቶ ቅናሽ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ የዓለም የተሽከርካሪ ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል፣ የሰውም ቁጥር ቢሊዮን ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ 5 በመቶው ቢያንስም ብዙ ሰው ደክሞበታል፣ ሊናቅ አይገባም።

ግን ወረድ ብሎ ዝርዝሩን ያየ ሰው ደስታው አይቆይለትም። ቅናሹ ለሁሉም አልደረሰም። መኪና ውስጥ ላሉት ሞት ትንሽ ቀንሷል። የእግረኞች ሞት 3 በመቶ ጨምሮ 274,000 ደርሷል። የብስክሌት ነጂዎች ሞት ደግሞ ወደ 20 በመቶ ጨምሮ 71,000 ሆኗል። እነዚህ ሁለት መስመሮች ወደ ላይ እየወጡ ነው እንግዲህ ጠቅላላው መስመር ወርዷል የምንለው።

እኔ ይህን ነገር ካየሁ በኋላ አንድ ነጠላ ቁጥር ይዞ የሚመጣ የትራፊክ አደጋ ዜና ሁሉ ጎዶሎ ሆኖብኛል። "የሟቾች ቁጥር በዚህን ያህል ቀነሰ" ሲባል ማን ነው የተረፈው? ማንስ ነው አሁንም የሚሞተው? ከመቶ ሟቾች 23ቱ እግረኞች ናቸው። 21ዱ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። 6ቱ ብስክሌት ነጂዎች። ደምሩት፣ ግማሽ ይሆናል። ባለ አራት ጎማ መኪና ውስጥ ሆነው የሞቱት 30 ናቸው። ታዲያ ስለ መንገድ አደጋ ሲወራ አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሁለት መኪና ተጋጭቶ ነው። የሟቾቹ ግማሽ ግን ከመኪና ውጭ ነበሩ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ላለፉት ከ60 በላይ ዓመታት መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ለማትረፍ የተሠራው ሥራ በጣም ትልቅ ነው። በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶውን፣ ትከሻንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን፣ አመጣ፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲሠሩበት ፈቀደ። ቀበቶ ያሰረ ሰው የመሞት ዕድሉ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በግጭት ጊዜ ተጨማዶ ኃይሉን የሚውጥ የመኪና ፊት ተጨመረ። ኤርባግ ተጨመረ። አዳዲስ መኪኖችን ሆን ብለው እያጋጩ ኮከብ የሚሰጡ ተቋማት ተቋቋሙ፣ ገዢውም ኮከብ ማየት ለመደ። ይሄ ሁሉ የሚደነቅ ነው። ስንት ቤተሰብ በዚህ ምክንያት አባቱን ወይም እናቱን አላጣም።

ከውጭ ያለው ሰው ግን ያው የድሮው ሰው ነው። ራስ ቅሉም አጥንቱም አልተቀየረም። እሱን የሚያተርፉት ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ መንገዱ እንዴት እንደተሠራ፣ የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ፊቱ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው። በእነዚህ ላይ ደግሞ ሥራው ዘግይቷል፣ በአንዳንድ ቦታ ጭራሽ ወደኋላ ሄዷል።

ስለ ፍጥነት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት የሚጨምረው በአራት እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ወደ 65 ከፍ ቢል፣ የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ4.5 እጥፍ ያድጋል። 15 ኪሎ ሜትር ብቻ እኮ ነው! ሹፌሩ ልዩነቱን በቅጡ ላይሰማው ይችላል። ሞተሩም ጸጥ ያለ ነው፣ መስኮቱም ዝግ ነው፣ መንገዱም ሰፊ ነው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ከፍ ሲል ለሞት የሚያበቃ ግጭት በ4 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ "ትንሽ ፈጠን ብል ምን አለበት" የሚለው ነገር መኪናው ውስጥ ሆነው ሲያስቡት እና ዜብራው ላይ ቆመው ሲያስቡት አንድ አይደለም።

አሜሪካ የዚህ ነገር ግልጽ ማሳያ ናት። ሀብታም አገር ናት፣ መኪኖቿ አዳዲስ ናቸው፣ ሕግም መዝገብም አላት። በ2009 የእግረኞች ሞት 4,109 ደርሶ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ቆይቶ የደረሰበት ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ከዚያ ተገለበጠ። በ2022 ከ7,500 በላይ እግረኞች ሞቱ። 80 በመቶ ያህል ጭማሪ፣ ያውም በ13 ዓመት ውስጥ! በዚያው ጊዜ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ጥበቃ በየዓመቱ እየተሻሻለ ነበር።

ለምን ሆነ ለሚለው አንድ መልስ የለም። ከአራት የእግረኛ ሞት ሦስቱ ያህል በጨለማ የሚደርሱ ናቸው። ብዙዎቹ የሚደርሱት ደግሞ ከተማ ውስጥ ባሉ ሰፋፊ ባለብዙ ረድፍ መንገዶች ላይ ነው። በአንድ በኩል የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ፣ በሌላው በኩል ሱቅ አለ፣ መብራት ያለው ማቋረጫ ግን ሩቅ ነው። ሰው ያቋርጣል። ማንም ሰው ከባድ ዕቃ ይዞ ለአንድ መሻገሪያ ኪሎ ሜትር ዞሮ አይመለስም፣ ይህን የማያውቅ መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ ካለ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ አላወቀውም ማለት ነው።

ከዚያ የመኪኖቹ ቁመት አለ። ሰው ከአነስተኛ የቤት መኪና ወደ ፒክአፕና ወደ ከፍተኛ የቤተሰብ መኪና ዞሯል። ዝቅ ያለ መኪና እግረኛን ሲገጭ እግሩን ይመታውና ሰውየው ኮፈኑ ላይ ይወጣል። አፍንጫው ከፍ ያለው ግን የሚመታው ዳሌና ደረት ነው፣ ሰውየውንም ወደ መሬት ነው የሚጥለው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት የኮፈናቸው ጫፍ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስና ከዚያ የሚበልጥ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ካዘቀዘቀ መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ፣ እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ልጅ ከሆነ የተገጨው፣ አንድ ሜትር ጭንቅላቱ ጋ ነው። መኪናውን የገዛው ሰው የገዛው ለልጆቹ ደህንነት ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ለሚገዛው ሰው እኔ አልፈርድም፣ የሚታየው የውስጡ ኮከብ ብቻ እስከሆነ ድረስ ማንም ከዚህ የተለየ አይመርጥም። የሚያናድደኝ የሌላው ሰው ደህንነት በመኪናው ዋጋም በኮከቡም ላይ ለረጅም ጊዜ ቦታ አለማግኘቱ ነው።

ጨለማን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የቆየ ታሪክ ሁሌም ይመጣብኛል። በብሪታንያ የመንገድ ሞት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ዓመት መኪና የበዛበት የ1960ዎቹ ዘመን አይደለም። 1941 ነው። 9,169 ሰው ሞተ። ያኔ ጦርነት ነው፤ የአየር ድብደባ ስለሚፈራ የመንገድ መብራት ጠፍቷል፣ የመኪና መብራትም ተሸፍኗል። ቤንዚን በራሽን ነበር፣ መኪናውም ጥቂት። በሰላም ጊዜ ከፍተኛ የሆነው የ1966ቱ ቁጥር እንኳን 7,985 ነው። መኪና ጥቂት ሆኖ ሞት ሊበዛ ይችላል ማለት ነው። ኮቪድም ይህንኑ አሳይቷል። በ2020 አሜሪካውያን የነዱት ርቀት ከአስር በመቶ በላይ ቀነሰ፣ የሞቱት ግን 7 በመቶ ገደማ ጨመሩ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ፍጥነት ጨመረ።

ሞተረኞች ሌላ ዓለም ናቸው። ታይላንድ ውስጥ ከሟቾች ሦስት አራተኛ ያህሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ላይ የሚሄዱ ናቸው። በብዙ አገር ሞተር የድሃ መኪና ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቤንዚን ቆጣቢ ነው፣ በተጨናነቀ መንገድ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፣ ሥራም ይፈጥራል። አሁን ደግሞ ምግብና ዕቃ የሚያደርሰው ወጣት በደቂቃ እየተቆጠረ የሚሮጥበት ሥራ ሆኗል። ክፍያው በጉዞ ቁጥር ከሆነ መፍጠኑ አይቀርም፤ ልጁን ብቻ "ጥንቃቄ የጎደለው" ብሎ ማለፍ ለእኔ ትልቅ በደል ነው።

እዚህ ጋ ግን መልካም ዜናም አለ፣ ያውም በአንድ ቀን የተጀመረ። ቬትናም ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ ሞተር ላይ የሚወጣ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ አስገደደች። ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ሞተረኛ ከ90 በላይ የሚሆነው አጠለቀ። ከተመረጡ ሆስፒታሎች በተሰበሰበ መረጃ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ከአደጋ ወደ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ጭንቅላታቸው የመጎዳት ዕድል 16 በመቶ፣ የመሞት ዕድላቸው 18 በመቶ ቀነሰ። ሕግ ነበር፣ ቅጣት ነበር፣ ሄልሜቱም በየቦታው ይገኝ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ይሰማል። ሄልሜት የሞተረኛን የጭንቅላት ጉዳት በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ድምር ታይቷል። ጭንቅላት ላይ የተቀመጠ፣ የታሰረ ሄልሜት ማለቴ ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለው ማንንም አያተርፍም።

የብስክሌቱ ነገር ግን ቁጥርን በጥንቃቄ ማንበብ ይጠይቃል። ኔዘርላንድስን ውሰዱ። በ1971 እዚያ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ሞተ፣ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። መንገድ ዘጉ። ዛሬ ዓለም የሚቀናበት የብስክሌት መንገዳቸው የተሠራው በዚያ ግፊት ነው፤ ዝም ብሎ "ባህላቸው ነው" የሚባለው ነገር ትክክል አይመስለኝም። ከዚያ ሞት ቀስ በቀስ ወረደ፣ ወረደ፣ እና በ2017 አንድ እንግዳ ነገር ታየ። በብስክሌት የሞቱት 206፣ በመኪና ውስጥ የሞቱት 201 ሆኑ። በ2022 ደግሞ ከ737 ሟቾች 290 ያህሉ ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ።

ታዲያ ኔዘርላንድስ ለብስክሌት አደገኛ ሆናለች ማለት ነው? አይደለም። ሰዉ በጣም ብዙ ኪሎ ሜትር ነው በብስክሌት የሚሄደው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ድሮ በዚያ ዕድሜ ብስክሌት ያቆሙ የነበሩ ሰዎች አሁን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስላለ ርቀው ይሄዳሉ፣ ፈጥነውም ይሄዳሉ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሲወድቅ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አይነሳም። ስለዚህ የሟች ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ ስንት ሰው ስንት ርቀት እንደሄደም መታወቅ አለበት። አንድ ከተማ "ብስክሌት ላይ የሞተ ሰው የለም" ቢል፣ ምናልባት ፈርቶ ማንም ብስክሌት ላይ ስላልወጣ ይሆናል። እግረኞችም እንዲሁ። ልጆች ብቻቸውን ትምህርት ቤት መሄድ ካቆሙ የልጅ እግረኞች ሞት ይቀንሳል። ያንን ግን እንደ ድል ልቆጥረው አልችልም።

ጃፓን ሌላ ትምህርት አላት። በ1970 16,765 ሰው ሞቶ ነበር። በ2023 2,678። እንዲህ ያለ ቅናሽ ሳይ ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል። ግን ዛሬ ከሚሞቱት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የእግረኞች ነው፣ ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ነው። ቀላሉ ሥራ ሲያልቅ የሚቀረው ቀስ ብሎ የሚያቋርጠው ሰው ነው። የመብራቱ ሰዓት ለፈጣን ሰው የተለካ ከሆነ አዛውንቱ መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሞት ነው፤ ሞት ቢያንስ ይቆጠራል። ብዙ አገሮች ከአደጋው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞተውን ይመዘግባሉ፣ አንድ ዓይነት መለኪያ ነው። ከባድ ጉዳት ግን ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በመንገድ ሳይሞቱ የሚጎዱትን "ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን" ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። በሁለቱ ቁጥሮች መሐል 30 ሚሊዮን ሰው አለ። እግሩን ያጣ፣ ራሱን ችሎ መብላት ያቃተው፣ ስም የሚጠፋበት፣ በቀላል ነገር የሚቆጣ፣ ሥራው የቀረ፣ እናቱ ወይም ሚስቱ ሥራዋን ትታ የምታስታምመው ሰው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ጓደኛዬ በብስክሌት ሲሄድ የመንገዱ ጠርዝ ጎማውን ይዞበት ወደቀ። ማንም አልገጨውም። ፖሊስ አልተጠራም። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ለወራት ተኛ፣ አሁንም ደረጃ ሲወጣ ፊቱ ይቀየራል። ይህ ሰው በየትኛው መዝገብ ላይ አለ? የትራፊክ ፖሊስ ቅጽ ላይ የለም። ሆስፒታሉ "መውደቅ" ብሎ ጽፎት ይሆናል። ብስክሌት ላይ ከባድ ጉዳት ከሚደርስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ብቻቸውን የወደቁ ናቸው፣ በፖሊስ ቁጥር ላይ ግን ከሞላ ጎደል አይታዩም። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሲጎዳ ግን ኢንሹራንስ አለ፣ ስለዚህ ፖሊስ ይጠራል፣ ስለዚህ ይጻፋል። ጉዳታችንን የሚቆጥረው መዝገብ ራሱ ለመኪናው ያደላል።

አመዘጋገቡ ሲቀየርም ቁጥሩ ይዘላል። በእንግሊዝ አንዳንድ የፖሊስ ክፍሎች ከ2016 ገደማ ጀምሮ አዲስ አሠራር ያዙ። ድሮ ፖሊሱ ራሱ "ቀላል" ወይም "ከባድ" ብሎ ይወስን ነበር። በአዲሱ የጉዳቱን ዓይነት ይሞላል፣ ደረጃውን ሲስተሙ ያወጣል። ወዲያው የከባድ ጉዳት ቁጥር ከፍ አለ። መንገዱ አልከፋም፣ ድሮም ከባድ የነበረው ነው ከባድ መባል የጀመረው። ከዚያ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ የድሮውን ቁጥር እንደ አዲሱ አሠራር አስተካክለው ማውጣት ግድ ሆነባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ወደ ሐኪሞች መለኪያ ሄዷል፤ ጉዳት ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፣ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ይሄ ይሻላል። ፖሊስ መንገድ ዳር ቆሞ የውስጥ መድማትን ሊያይ አይችልም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። አምቡላንስና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በተሻሻለ ቁጥር፣ ድሮ ይሞት የነበረው ሰው ይተርፋል። ተመስገን ነው። ግን ከሟች ዝርዝር ወደ ከባድ ጉዳተኛ ዝርዝር ነው የተዛወረው። የሞት መስመር እየወረደ የከባድ ጉዳት መስመር እምብዛም የማይንቀሳቀስባቸው አገሮች ሲያጋጥሙኝ ይሄን አስባለሁ።

ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል። የስዊድን ፓርላማ በ1997 ማንም በመንገድ ላይ መሞትም ሆነ ክፉኛ መጎዳት የለበትም የሚለውን ዓላማ አጸደቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው ይሳሳታል፣ መንገዱ ግን ስህተቱን በሞት እንዳያስከፍለው ተደርጎ ይሠራ። በ2019 ኦስሎ ውስጥ በሙሉ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው የሞተው፣ ያም መኪና ውስጥ ነበር። አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌት ነጂ አልሞተም። ሄልሲንኪ ደግሞ እስከ ሐምሌ 2025 ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አንዲት የትራፊክ ሞት አሳልፋለች። ከመንገዶቿ ከግማሽ በላይ የፍጥነት ወሰናቸው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ስፔንም በ2021 በከተማ ውስጥ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ላላቸው መንገዶች ይህንኑ 30 አድርጋለች። ምሥጢር የለውም። መንገድ ማጥበብ፣ ማቋረጫውን ከፍ አድርጎ መሥራት፣ መብራት፣ ለብስክሌት የተለየ መስመር፣ ፍጥነትን በካሜራ መቆጣጠር።

በሌላው ወገን ደግሞ ሥዕሉ ይህ ነው። ከመንገድ ሞት ከመቶ 92ቱ የሚደርሱት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። የአፍሪካ ክልል ከዓለም ተሽከርካሪ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ከሟቹ 19 በመቶውን ይሸከማል። በዓለም ላይ ከተመዘኑት መንገዶች 80 በመቶ የሚሆነው ለእግረኛ ዝቅተኛውን የደህንነት ደረጃ አያሟላም፣ የብስክሌት መስመር ያለው 0.2 በመቶ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ግብ እስከ 2030 ሞትንና ጉዳትን በግማሽ መቀነስ ነው። እኔ ግቡ በአንድ ድምር መቀመጡ ነው የሚያሳስበኝ። ቀበቶና ኤርባግ ብቻ በማስፋፋት ብዙ መንገድ መሄድ ይቻላል፣ እግረኛዋ ግን ባለችበት ትቀራለች። ለእግረኛ የራሱ ግብ ይቀመጥለት፣ ለሞተረኛ የራሱ፣ ለብስክሌት ነጂ የራሱ። ሪፖርቱ ሲወጣም ከድምሩ በፊት ዝርዝሩ ይምጣ፣ የተሄደው ርቀት ይሰላበት፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ከፖሊሱ ጋር ይገናኝ። መረጃው በብዙ አገር ተበታትኖ አለ። የሚሰበስበው ሰው መመደብ ነው የቀረው።